የሳምንቱ ማዕድ በደብተር ላይ

 

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ የሰባቱን ቀኖች ስም ጽፈን ነበር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያልን እስከ እሑድ ደርሰናል። ዛሬ ደግሞ እነዚያን ሰባት ስሞች ሥራ እናሠራቸዋለን። ከያንዳንዱ ቀን ጎን፣ በዚያ ቀን በቤታችን ምን እንደሚበላ እንጽፋለን።

ይኸን በክፍል ውስጥ ስንናገር አንዲት እናት «ምን ይጻፋል ልጆቼ? ያለው ይበላል» አሉን። ከኋላ የተቀመጡት ሌላዋ እናት ቀበል አድርገው «ይልቅ የሌለውን ጻፉልን!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን።

ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። የሌለውን አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ጎታው በነሐሴ ባዶ እንደሚሆን በግንቦት ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ጠንቋይ አያስፈልግም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። እነዚህን ደግሞ ተምራችኋል።

በልብ ያለውን ማውጣት

እናቶች ሳምንቱን በልባቸው ያውቁታል። ሊጥ መቼ እንደሚቦካ፣ መቼ እንደሚጋገር፣ ገበያ መቼ እንደሚወጣ፣ ጾሙ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ሁሉም በልብ ተጽፏል። እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም። በልብ ያለውን ወደ ደብተር እናውጣው ነው የምንለው። በልብ ያለ ነገር ለባለቤቱ ብቻ ነው የሚታየው። ደብተር ላይ ሲወጣ አባወራውም ያየዋል፤ ልጁም ያነበዋል። እናት ብትታመም ወይም ብትወልድ ቤቱ ግራ አይጋባም።

እንግዲህ ደብተሩን ክፈቱ። ሰባት መስመር አስምሩ። በየመስመሩ መጀመሪያ የቀኑን ስም ጻፉ። ከዚያ በፊት ምግብ አትጻፉ። መጀመሪያ የማይነቃነቁትን ነገሮች ጻፉ።

የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ረቡዕና ዓርብ ጎን «ጾም» ብሎ ይጽፋል። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ጎን «ገበያ» ተብሎ ይጻፋል። በሳምንቱ ውስጥ ማኅበር፣ ሰንበቴ ወይም ደቦ ካለ እሱም ይጻፍ። ሙስሊም ቤተሰቦች ረቡዕንና ዓርብን እንዲህ አይጽፉም። በረመዳን ወር ግን የሱሁሩንና የማፍጠሪያውን ማዕድ ለየብቻ መጻፍ ይኖርባቸዋል።

ቀጥሎ የእንጀራ ቀን ይጻፋል። ሊጥ ተቦክቶ፣ እርሾ ተጨምሮበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ አብሲት ይጣልበትና ኩፍ ሲል ይጋገራል። የተጋገረው እንጀራ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ይሻግታል። በክረምት እርጥበት ደግሞ ይብሳል። የሻገተ እንጀራ አይበላም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገር ለብዙ ቤት ይስማማል። ማክሰኞና ዓርብ ይሁን እንበል። ማክሰኞ ለሚጋገረው እሑድ ይቦካል፤ ዓርብ ለሚጋገረው ረቡዕ ይቦካል። እነዚህም ሁለት ቀኖች በደብተሩ ላይ ይጻፉ።

ለምን ሁለት ጊዜ? ለምንስ አራት ጊዜ አይሆንም? መልሱ እንጨት ነው። ምጣድ እስኪግል ድረስ የሚነደው እንጨት ብዙ ነው። በሳምንት አራት ጊዜ የምትጋግር ሴት ምጣዱን አራት ጊዜ ታግላለች። ሁለቴ የምትጋግር ሁለቴ ታግላለች። የእንጀራው ቁጥር ግን ያው ነው። የተረፈው እንጨት ከእናት ጀርባ የወረደ ሸክም ነው። ወይም ከልጅቷ ጀርባ። እንጨት ለቀማ የምትውል ልጅ ትምህርት ቤት አትውልም፤ ይኸን እኛ በዓይናችን የምናየው ነው። ኩበት በሚነድበት አገር ደግሞ ያልነደደው ኩበት ለማሳው ማዳበሪያ ይሆናል።

ጥራጥሬም እንዲሁ ነው። ባቄላ ወይም ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ቶሎ አይበስልም። ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ግን እንጨቱም ጊዜውም ይቀንሳል። ሐሙስ ጎን «የባቄላ ነፍሮ» ተብሎ ከተጻፈ ረቡዕ ማታ መዘፍዘፉ ይታወሳል። ካልተጻፈ ይረሳል። ሐሙስ ጧት «ምን እናድርግ?» ማለት ይመጣል።

ጎታውን መቁጠር

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

ለሳምንት የሚሆን ምግብ ማሰብ የሚቻለው በጎታ ውስጥ ያለው ሲታወቅ ነው። ይኸን ስንል አንድ አባት «ጎታ አይቆጠርም፤ ከቆጠሩት በረከቱ ይነሣል» አሉን። እኛም «እንግዲያው አባባ፣ ጎታውን ይተዉት፤ ከጎታው የሚወጣውን እንቁጠር» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እሱ ይሁን» አሉ። በዚሁ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻቸውን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሳምንት ከጎታ የሚወጣውን እህል ሁሉ በአንድ ዕቃ ስፈሩ። ቁና ከአገር አገር ይለያያል። ጣሳም ይለያያል። ግድ የለም። ዕቃው አይለወጥ እንጂ ማንኛውም ዕቃ ይሆናል። በሰፈራችሁ ቁጥር ደብተሩ ላይ አንድ ጭረት አድርጉ። በሳምንቱ መጨረሻ ጭረቶቹን ቁጠሩ። የቤታችሁ የሳምንት ቀለብ ያ ነው። ወፍጮ ቤት ሚዛን ካለ ዕቃው ሙሉ እህል ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አንድ ጊዜ አስመዝኑ።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ቤት አባት፣ እናትና አራት ልጆች አሉ። ስድስት ሰው ማለት ነው። ቤቱ በቀን 2 ኪሎ ተኩል እህል ይበላል እንበል። በሳምንት ስንት ይሆናል? 7 ጊዜ 2 ተኩል፣ 17 ኪሎ ተኩል ነው።

ዛሬ ሰኔ 1 ቀን ነው እንበል። ጎታ ውስጥ ያለው ሲገመት፣ ለዘር የተቀመጠው አይቆጠርም። (በመድኃኒት የታሸ ዘር ደግሞ ቢርብም አይበላም። ታጥቦም ቢሆን አይበላም። መርዝ ነው።) ለዕዳ የሚከፈለውም አይቆጠርም። ለማኅበር ጠላ የሚወጣው ይቀነስ። ለጠላ የሚሄደውን ብዙ ቤት አይቀንሰውም። ብቅሉም፣ ለድፍድፉ የሚገባው እህልም ከዚያው ጎታ ነው የሚወጣው። ጠላ አትጥመቁ አንልም፤ ጻፉት ነው የምንለው። ለአረም የሚጠራውም ደቦ በልቶና ጠጥቶ ነው የሚሄደው፤ እሱም ይጻፍ።

ይኸ ሁሉ ተቀንሶ 2 ኩንታል፣ ማለት 200 ኪሎ ቀረ እንበል። አዲስ እሸት የሚደርሰው መስከረም 15 ነው እንበል። ቀኖቹን እንደምር። ሰኔ 30፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 15። ድምሩ 110 ቀን ይሆናል። 110 ቀን በ2 ኪሎ ተኩል ሲባዛ 275 ኪሎ ነው። ያለው 200 ነው። የሚጎድለው 75 ኪሎ ነው።

200 ኪሎው ስንት ቀን ያደርሳል? ለ2 ተኩል እናካፍለው። 80 ቀን። ሰኔን 30፣ ሐምሌን 30፣ ከነሐሴ 20 ቀን። እንግዲህ ነሐሴ 20 ቀን ጎታው ይጠረጋል። እሸት እስኪደርስ 30 ቀን ይቀራል።

ይኸን ቁጥር በነሐሴ ያወቀና በሰኔ ያወቀ እኩል አይደሉም። በነሐሴ ያወቀ ሰው የሚሄደው ወደ አበዳሪ ነው። አንድ ቁና ወስዶ በመኸር ሁለት ቁና ይከፍላል። በዚያ ወር እህል በገበያ ውድ ነው፤ ሁሉም ገዢ ነውና። በጉም በግድ ይሸጣል፤ በግድ የሚሸጥ በግ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። በሰኔ ያወቀ ሰው ግን ብዙ መንገድ አለው። በጉን በደህና ዋጋ ሸጦ፣ እህሉ ሳይወደድ፣ የጎደለውን 75 ኪሎ ይገዛል። ድንች ያለው በሳምንት ሁለት ቀን ማታ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ያቀርባል፤ የዚያን ማታ እንጀራ ይቆጥባል። ጎመኑን ያበዛል። ከዕለቱ ቀለብ ላይም ጥቂት ይቀንሳል። በየቀኑ ጥቂት መጉደሉ፣ አረምና ኩትኳቶ ባለበት ወር ጭራሽ ከመጾም ይሻላል።

ሲቀነስ ግን ከሁሉም ሰው እኩል አይቀነስም። ከነፍሰ ጡር፣ ከምታጠባ እናትና ከሕፃን አይቀነስም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ምን ከምን ጋር ይበላል?

ምግብ በሦስት ይከፈላል። ኃይል ሰጪ አለ፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ዘይትና ቅቤ ናቸው። ሰውነት ገንቢ አለ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ናቸው። በሽታ ተከላካይ አለ፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ፍራፍሬ ናቸው። የየቀኑን መስመር ስትጽፉ ከሦስቱም አንዳንድ መኖሩን ተመልከቱ።

እንጀራ በሽሮ የድሃ ምግብ ነው የሚል ሰው አለ። ተሳስቷል። እህል ለብቻው የሚጎድለው ገንቢ ነገር አለ፤ ጥራጥሬ ያንኑ ይሞላለታል። ጥራጥሬ የሚጎድለውንም እህል ይሞላለታል። አያቶቻችን ሁለቱን በአንድ መሶብ ያገናኙት በከንቱ አይደለም። ሽሮው የሚጎድለው ሦስተኛው ጓደኛ ነው። ያም ጎመን ነው። ጓሮ ያለ ጎመን እያለ «ወጥ የለም» የሚባልበት ቤት አይተናል። ጎመን እንግዳ ሲመጣ የሚያሳፍር ምግብ ተደርጓል። በማምሻ ጊዜ ዓይናቸው የማያይ ልጆች ግን አሉ። ዳፍንት ይባላል። ዳፍንት የሚመጣው በአረንጓዴ ቅጠል፣ በካሮት፣ በዱባ፣ በእንቁላልና በወተት የሚገኘው ነገር ሲጎድል ነው። ጎመኑ ቶሎ ይብሰል፤ ብዙ አይንተክተክ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ሰውነት የጎመኑን ጥቅም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች እንጨምር። አንደኛው ቡና ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ ብረት የሚባለውን ማዕድን በደንብ አያገኝም። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል። ስለዚህ ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ይበል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት። ቡናው አይቅር! ይኸን ብንል ነገ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ያግዙታል። ሁለተኛው ጨው ነው። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ እንቅርትን ይከላከላል። በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ብዙ ከፈላ አዮዲኑ ይጠፋል።

ስለ ጓያ

ይኸን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ላላነበበም አንብቡለት።

ጓያ ጎበዝ ሰብል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ አይከዳም። ውሃ በቋጠረ መረሬ መሬት ላይ ይበቅላል። ድርቅንም ይችላል። ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ በክፉ ቀን ሁሉም ወደ ጓያ ይዞራል። አደጋውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጓያ ውስጥ መርዝ አለ። ጥቂት ጓያ ከብዙ ሌላ እህል ጋር ሲበላ ብዙውን ጊዜ ሰው አይጎዳም። ቤቱ ሁሉ ጓያ ብቻ ሆኖ ለሁለት ለሦስት ወር ሲበላ ግን እግር ይይዛል። ጉልበት ይከዳል፤ እግር ይገተራል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ ከዚያ በአንድ ምርኩዝ፣ ከዚያ በሁለት። የባሰበት በእጁ ይሳባል። ሕመሙ አይገድልም። ግን መድኃኒት የለውም። የያዘው ሰው እንደያዘው ይኖራል። ይበልጥ የሚይዘው ደግሞ ወጣት ወንዶችን ነው፤ ማለት ሞፈር የሚይዘውን እጅ።

ይኸ ወሬ አይደለም። በጎንደር በደንቢያና በፎገራ፣ በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ብዙ ሰው በዚህ ሕመም ተይዟል። በወሎ በደላንታና በዳውንትም በ1990 ዓ.ም. አካባቢ እንዲሁ ሆኗል። ከድርቅ በኋላ ነው፤ ሌላው እህል አልቆ ጓያው ብቻ ቀርቶ ነበር።

አንዳንዱ ሰው «የሚጎዳው የጓያው እንፋሎት ነው» ይላል። ሲቀቀል ፊቱን ያዞራል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይበላዋል። እንፋሎቱ አይደለም። የሚጎዳው መብላቱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጓያ ባለበት ቤት የሳምንቱ ደብተር እግር ያድናል። «ጓያ» የሚለው ቃል በሰባቱ መስመር ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ። በየቀኑ ከሆነ አደጋ ነው። እሸቱን፣ ቆሎውንና ነፍሮውን እንደ ዋና ምግብ አትብሉ። ልጆች በማሳ ሲውሉ እሸቱን እንዳይፈጁት ንገሯቸው። ሽሮ የሚሆን ከሆነ ከሽምብራ፣ ከባቄላ ወይም ከአተር ጋር አብዝታችሁ ደባልቁት፤ ጓያው ትንሹ እጅ ይሁን። ከመበላቱ በፊት በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ውሃው ይደፋ። ሲቀቀልም የመጀመሪያው ውሃ ይደፋና በሌላ ውሃ ይቀቀል። መርዙ ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ሁሉም ግን አይወጣም። ስለዚህ መዘፍዘፉ ብቻውን አያድንም፤ መቀላቀሉም አይቅር። የሚሻለው ደግሞ ጥቂቱን ጓያ ሸጦ፣ ጥቂትም ቢሆን ሌላ እህል ገዝቶ መቀላቀል ነው።

ጎታውን በሰኔ የቆጠረ ቤት በነሐሴ ጓያ ብቻ አይቀረውም። ከላይ ያን ሁሉ ቁጥር የደመርነው ለዚህ ነው።

ማን ይበላል? መቼ?

እዚህ ላይ አባቶች አትቆጡን። ልጆቻችሁ ነን።

በብዙ ቤት ማዕድ ሲቀርብ አባት ከእንግዳ ጋር ይበላል። ከዚያ ልጆች። እናት የምትበላው በመጨረሻ፣ ከድስቱ ሥር የተረፈውን ነው። ወጡ ባለቀበት ቀን እንጀራውን በበርበሬ ታደርገዋለች። እንግዲህ ያቺ ሴት ነፍሰ ጡር ብትሆን ሁለት ሰው ነው ድስት የሚጠርገው። የምታጠባም ብትሆን ያው ነው። ጧት ውሃ የቀዳች፣ ቀን የፈጨች ወይም ወፍጮ ቤት የተሸከመች፣ ማታ የጋገረች እሷ ናት። በሬ በእርሻ ወር ድርቆሽ ይጨመርለታል፤ ይኸን ሁላችሁም ታደርጋላችሁ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከምግቡ ጎን የእናትን ድርሻ አስቀድሞ ማንሣት ይጻፍ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ከወትሮው አንድ ማዕድ ትጨምር፤ መክሰስም ቢሆን። ጤና ኬላ ሄዳ የብረቱን ኪኒን ትውሰድ።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውሃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ ይጀመርለት። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቆልቶ ይፈጭ። ገንፎው ወፍራም ይሁን፤ ከማንኪያ የሚንጠባጠብ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። የራሱ ሳህን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ትሪ የተቀመጠ የዓመት ልጅ እጁን ሲዘረጋ እንጀራው አልቋል።

በጾም ቀንስ? ሕፃን ጾም የለበትም። ብዙ እናቶች ግን በጾም ቀን ለሕፃኑ ወተት ማፍላት ወይም እንቁላል መቀቀል ይፈራሉ። «ዕቃው ይነካካል» ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባናል። ሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ ደግሞ የሚውሉት ያው እህል በሚያጥርበት ክረምት ነው። የፍልሰታ ብቻ 15 ቀን ነው። የዓመት ልጅ ይኸን ሁሉ ቀን ሽሮ ብቻ አይበቃውም። መላው ቀላል ነው። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይለዩለት፤ ከሌላው ዕቃ ጋር አይቀላቀሉ። አንዲት እናት እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረውበት አየን። ጥሩ ዘዴ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

እንቁላል ደግሞ ከዶሮ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው። ለጨው፣ ለቡና፣ ለጋዝ ይሸጣል። ሽጡ፤ እኛም ደብተርና እርሳስ የሚገዛው በዚያው ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። ግን ከአሥሩ ሦስቱ ቤት ይቅሩ። በደብተሩ ላይ «ሦስት እንቁላል፣ የልጁ» ተብሎ ይጻፍ። የተጻፈ እንቁላል ገበያ አይሄድም።

አንድ ሳምንት

አንድ ቤት የጻፈውን እናሳያችሁ። እንደዚህ ጻፉ ማለታችን አይደለም፤ የእናንተ ቤት የእናንተ ነው።

ሰኞ ጎን «ፍርፍር» ይላል። የዓርብ እንጀራ መጨረሻው ነውና ሳይሻግት በፍርፍር አለቀ። ማታ ጎመንና ድንች። ማክሰኞ «ጋገራ» ይላል፤ እንጀራው ካለቀ በኋላ ምጣዱ ሳይበርድ ለሳምንቱ የሚሆን ቆሎ ተቆላበት፤ ፍሙ ውስጥም ድንች ተቀበረ። ረቡዕ ጾም ነው፤ የሽምብራ ሽሮና ጎመን፤ ባቄላ ይዘፈዘፍ። ሐሙስ ጧት የባቄላ ነፍሮ፤ ለእርሻ የሚወጣው ሰው በሶ ይዞ ሄደ፤ ማታ ጎመን በአይብ። ዓርብ ጾም፣ ጋገራ፣ የአተር ክክ ወጥ። ቅዳሜ ገበያ፤ ሲሄዱ ቆሎ፣ ሲመለሱ ጨው፣ ቲማቲምና ሎሚ። «ዳቦ ከገበያ አይገዛም» የሚል ቃልም ተጽፏል፤ ማን እንደጻፈው አልጠየቅንም። እሑድ የእንቁላል ወጥ። ከታች ደግሞ ሰባት ጭረት አለ፤ በሳምንቱ ከጎታ የወጣው ሰባት ቁና ነው።

ይኸን የጻፉት ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ነው። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። እሱ የጻፈውን እሷ አንብባ ሁለት ቃል አርማለች። «ሽምብራ» ሲል «ሺንብራ» ብሎ ነበር።

እናንተም ከሰኞ ጀምራችሁ በየቀኑ ጭረት አድርጉ። በሚመጣው ሳምንት ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ጭረቱን አብረን እናባዛለን፤ እስከ መስከረም የሚያደርሰውንና የማያደርሰውን ቤት እያንዳንዱ ለራሱ ያውቃል። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ማሳየት ግዴታ አይደለም። ከዚያም በዚሁ ገጽ ስለ ጓሮ ጎመን እንጽፋለን፤ ዘሩን ከወዲሁ ከጎረቤት ጠይቁ።